የጉንጯ ጤዛ

ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ በአሮጌ ሳንቲሞች ሱቅ የሚመዝኑት አጎቷ አይደሉም፤ እሷ ናት። ሐኪሙ ከቀኝ ዓይናቸው ላይ ፋሻውን ሲፈታ ጉሙ አብሮ አልተነሣም፤ የግራው ቀድሞ ሄዶ ነበር። ወደ ሱቅ በተመለሱበት ጠዋት ማጉያ መነጽሩን ከአንገታቸው አውልቀው በእህታቸው ልጅ አንገት ላይ አጠለቁትና፣ «በይ ዓይኔ፣ እንግዲህ አንቺ እዪልኝ» አሏት። ከልጅነቷ ጀምሮ «ዓይኔ» እያሉ ነው የሚጠሯት። የዚያን ቀን ግን ቃሉ ከመነጽሩ ይልቅ ከበዳት።

መመዘን በዚያ ሱቅ ሚዛን አይፈልግም። የሳንቲሙን ደረጃ መናገር ማለት ነው፦ ገበያ ያላየ፣ ገበያ የነካው፣ የደከመ። ጭረት ወይም ቀዳዳ ወይም ሌላ ጉዳት ካለበት ከደረጃው ተለይቶ ለብቻው ይነገራል፤ ቁስልና እርጅና ለየቅል ናቸውና። ዋጋውም የሚቆረጠው ሁለቱ ከተነገሩ በኋላ ነው። ሳንቲሙ ሱቁ ውስጥ ያድራል። አንድ ጊዜ በጠዋት መስኮት ሥር፣ አንድ ጊዜ በቀትር፣ አንድ ጊዜ በመብራት ይታያል፤ እስከ መጨረሻው እይታ ድረስ ለባለቤቱ ትንፍሽ አይባልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳንቲም የሚያዘው በጠርዙ ብቻ ነው። «ፊቱን በጣት መንካት በጥፊ መምታት ነው» እያሉ ያስተማሯት አጎቷ ናቸው፤ በልጅነቷም አንድ ጊዜ ረስታ ስትነካ በሳንቲሙ ፈንታ እጇን መታ አድርገዋታል።

ልብስ ሰፊው የመጣው በጠዋት ነበር። የመለኪያ ሜትሩ እንደ ሻርፕ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሳንቲሙን በጨርቅ ቁራጭ ጠቅልሎ ይዞታል።

«እህት ዓለም፣ ይህን የወረስነው ከአማቴ ነው» አለ ጥቅሉን እየፈታ። «በሕይወት ሳሉ እሳቸው በነገር ይወጉኝ ነበር፤ ሲሞቱ እኔ ሳንቲማቸውን በመርፌ ወጋሁት። ካፖርታቸው ገበር ውስጥ ሸጉጠውት ኖሯል። ገበሩን ስሰፋ መኪናዬ ቀጭ አለ፤ መርፌውም ተሰበረ፣ እኔም ተሰደብኩ።»

አጎቷ ከመሳቢያው አጠገብ ካለው ወንበራቸው ላይ ሆነው ሣቁ።

«ባለቤቴ ‹ገደልከው› ትላለች» ቀጠለ ልብስ ሰፊው። «እኔ ‹አቆሰልኩት እንጂ አልገደልኩትም› እላለሁ። የሚያወጣ ከሆነ እንሸጠዋለን፤ ከዚያ በፊት ግን ፍርድ እፈልጋለሁ። ዳኛዋ አንቺ ነሽ?»

«መዛኟ እኔ ነኝ።»

«ያው ነው። ሁለቱም እስኪናገሩ ድረስ ሰውን ቁጭ ብድግ ያሰኛሉ።»

ሳንቲሙን በጠርዙ ይዛ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ዘውድ የደፋች ሴት ፊት ነው። ከጆሮዋ በታች መርፌው የወጋት ቦታ ነቁጥ የምታህል ጉድጓድ ሆኗል። ከዚያ በቀር ግን ፊቱ ሁሉ በሱቁ ቋንቋ «ጤዛ» የሚባለውን ለብሷል፤ ብሩ ከሳንቲም መምቻው ማሽን ሲወጣ ይዞት የሚወለደውን፣ ሳንቲሙን ዘንበል ሲያደርጉት ዙሪያውን የሚሽከረከረውን ስስ ብርሃን። ጤዛ ቀድሞ የሚረግፈው ከፍ ካለው ቦታ ነው፤ በዚህች ሴት ፊት ላይ ከፍ ያለው ጉንጯ ነበር። ጉንጯ ላይ ብርሃኑ ሳይሰናከል አለፈ።

ልቧ ቀድሟት አፏ አመለጣት። «ከመርፌው በስተቀር ገበያ ያላየ ይመስላል።»

አጎቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልብስ ሰፊው ግን ሰምቶ አበቃ። «ባለቤቴ ትስማ! ይህንኑ በጆሮዋ ትስማ!» እያለ ወጣ።

«ቸኮልሽ» አሉ አጎቷ በሩ ሲዘጋ።

«ቸኮልኩ። ይቅርታ።»

«ጉንጯስ?»

«ሙሉ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳንቲሙን ተቀብለው በጠርዙ ይዘው፣ በዳበሳ፣ ከፋይ ጨርቅ በተነጠፈበት መሳቢያ ውስጥ አስተኙት። ይህን ሥራ ማንም አልወሰደባቸውም፤ ለመሳቢያው ዓይን አያስፈልገውም።

በቀትሩ እይታ ጉንጯ ላይ ብርሃኑ ትንሽ አነከሰ። መነጽሩን ጠረገች። መስኮቱን ወለወለች። ሰማዩ ደመና ነው ብላ ተወችው፤ ከወጣች በኋላ ግን ፀሐይ መሆኑን አየች።

በመብራት ስታየው ጉንጯ ደብዝዟል። ሌላው ፊት ያበራል፤ ጉንጩ ብቻ፣ ትንፋሽ እንዳረፈበት መስተዋት፣ ግራጫ ሆኗል። አምፖሉን ቀየረች። ሳንቲሙን አዞረች፣ መለሰች፣ ራሷ ዞረች። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ አሳፈራት፦ ሰውየው ለውጦት ይሆን? ነገር ግን ከጆሮዋ በታች ያቺው ጉድጓድ አለች፤ ወደ ግራ ያዘነበለች፣ ጫፏ ላይ የተሰበረው መርፌ የተወው ጥቁር ነጥብ ያለባት። ደግሞስ የገዛ ሳንቲሙን ደረጃ ለማውረድ የሚደክም ሌባ ምን ዓይነት ሌባ ነው?

የቀረው አንድ መፈተኛ ነበር። ሱቁ «እናቲቱ» የሚላት ሳንቲም አለች፤ ገበያ ያላየ ሁሉ ከእሷ ጋር ተስተያይቶ የሚለካባት፣ ከአጎቷ አባት ጀምሮ ከሱቁ ያልወጣች። እናቲቱን አውጥታ ከመብራቱ ሥር አስቀመጠቻት።

እናቲቱም ደብዝዛለች።

እዚህ ላይ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። ሁለት ሳንቲሞች በአንድ ጊዜ ሊያረጁ አይችሉም፤ አንድ ዓይን ግን ይችላል። የወለደቻት እናቷ ዓይኗ መድከም ሲጀምራት ሳህን አልጠራም እያለች ደጋግማ ታጥብ ነበር፤ ሳሙናውን ቀየረች፣ ውኃውን ወቀሰች፣ የታጠበውን መልሳ አጠበች። ዓይኗ ነው ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። አሁን ልጇ አምፖል ቀይራለች፣ ደመና ወቅሳለች።

ወደ በሩ ሄዳ ከመንገዱ ማዶ በመብራት የሚታየውን የፀጉር አስተካካይ ማስታወቂያ እስከ ታችኛው ደቃቅ ፊደል አነበበችው። ደስ ሊላት ሲገባ የባሰ ግራ ገባት። ፊደሉን የምታይ ዓይን ጤዛውን እንዴት ታጣዋለች?

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉ አጎቷ።

«እያየሁ ነው።»

«እዪ፣ እዪ። ይህችኛዋ ጊዜ ትፈልጋለች።» ድምፃቸው ውስጥ አንድ ያልለመደችው ነገር ሰማች፤ ምን እንደሆነ ግን አልያዝ አላት።

ልብስ ሰፊው ፍርዱን ሊሰማ በሚመጣበት ቀን፣ ለአጎቷ ዕቃ ልግዛ ብላ ወጥታ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ አገጯን ማሳረፊያው ላይ አስደግፋ ብርሃን አበራችባት፣ ጠብታ ጨመረችላት፣ እንደገና አየቻት።

«ዓይንሽ ከእኔ ዓይን ይሻላል» አለች በመጨረሻ።

«ደግመሽ ብታዪው?»

«ደግሜ አይቼዋለሁ። ሰው ጤነኛ ነሽ ሲባል ደስ ይለዋል እንጂ አይከራከርም። ማንበብ ይበዛብሻል?»

«ፊት ነው የማየው» አለች መዛኟ። ሐኪሟ ቀና ብላ ስታያት ማስረዳቱ የባሰውን እንደሚያስገምታት ገባትና አመስግና ተነሣች።

መንገዱን የተጓዘችው ጠብታው ያፈዘዛቸውን ዓይኖች በእጇ እየከለለች ነበር። ጤነኛ ነኝ እንዳትል ሁለቱ ሳንቲሞች አሉ፤ ታምሜያለሁ እንዳትል ሐኪሟ አለች። ሱቁ ስትደርስ ዓይኗ ጠራ ብሎላት ነበር። በጓሮ በር ገባች።

አጎቷ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ወደ ላይ ቀና ብሏል። የልብስ ሰፊው ሳንቲም በግራ መዳፋቸው ላይ ነው። የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት በሴቲቱ ጉንጭ ላይ በዝግታ ይመላለሳል።

«አጎቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

አልደነገጡም። «እያየሁ ነዋ።»

ጣታቸው ወደ ጆሮዋ ወረደ። «መርፌው እዚህ ገብቷል። ወደ ግራ አዘንብሏል፤ ሰውየው ደንግጦ ጨርቁን ስቦታል። አፍንጫዋ ሹል ነው፣ ዘውዷ አምስት ጫፍ አለው። የማያይ አይመዝንም ያለው ማነው? ከክረምት ወዲህ አንድም አላመለጠኝም። ከአንቺ በኋላ እኔም አያለሁ። አልነገርኩሽም፤ ቃልሽ ከጣቴ ጋር ሲገጥም ለብቻዬ ደስ ይለኛል።»

«የመጣውን ሁሉ?»

«እስካሁን የመጣው ሁሉ የደከመ ነበር፤ እሱ ምን ይታያል ብለሽ ነው። እናቲቱን ነው በየጠዋቱ የማያት፤ ጣቴ ልኩን እንዳይረሳ።»

መነጽሩን ከአንገቷ ላይ በእጇ ጨበጠችው።

«ይህችኛዋ ግን ግራ አጋባችኝ» አሉ። «መጀመሪያ ጉንጯ ቆንጠጥ ያደርግ ነበር። ሙሉ ነው ካልሽኝ በኋላ ስዳስሳት ጣቴም ይህንኑ አለኝ። ዛሬ ለሰለሰብኝ። ወይ ቸኩለሻል፣ ወይ እጄም ሊከዳኝ ነው። እስቲ እውነቱን ንገሪኝ ዓይኔ፤ እጄ አርጅቷል?»

ልትላቸው የፈለገችው ነገር እሳቸው ራሳቸው ያስተማሯት ነበር። «ፊቱን በጣት...» ብላ ጀመረችና ተወችው።

«እጅዎ አላረጀም።»

«እንግዲያስ ሳንቲሟ ናት?»

ዓይኗን ከጣታቸው ላይ አላነሣችም። አውራ ጣታቸው ቆመ። ከጉንጩ ላይ አንስተው ከሌባ ጣታቸው ጋር አሻሹት፤ ከጨርቅ ላይ የተነሣ ቀለም ይዞ እንደሆነ የሚመረምሩ ይመስሉ ነበር። የገባቸው መሆን አለመሆኑን ከፊታቸው ለማወቅ ብትሞክርም አልቻለችም፤ በስንት ሳንቲም ፊት ላይ የሠራ ዓይኗ በዚህ ፊት ላይ ሰነፈ።

የበሩ ደወል ተንቃጨለ።

«እህት ዓለም!» አለ ልብስ ሰፊው። «ባለቤቴ ፍርዱን ሳልሰማ እንዳልመለስ ነግራኛለች። በፍርድ ቤቱ ፊት ቆሜያለሁ።»

ሳንቲሙን ከአጎቷ መዳፍ በጠርዙ አንሥታ ከፋዩ ላይ አኖረችው። መዛኝ የሚናገረው ዓይኑ ያየውን ነው። ግን የትኛውን? የመጀመሪያው ቀን ቃሏ እውነት ነበር፤ የዛሬውም እውነት ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ የተናገረች እንደሆነ በመካከላቸው ያለውን ሰው ስም መጥራቷ ነው። ያ ሰው ደግሞ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ይሰማል።

«መርፌው የእርስዎ ነው» አለች ለልብስ ሰፊው። «ቁስሉ ትንሽ ነው። ሳንቲሙ ሲመጣ ገበያ ያላየ ነበር። ጉንጩ የደበዘዘው ከዚያ በኋላ፣ እዚህ፣ በእኛ እጅ ነው።»

ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብሎ ሳንቲሙን አየ። ቀና ብሎ እሷን አየ። «እኔ የሚታየኝ ያው የአማቴ ሳንቲም ነው» አለ። «ለባለቤቴ ምን ልበላት? ገደልኩት ወይስ አልገደልኩትም?»

«እርስዎ ያቆሰሉት ብቻ ነው።»

«ታዲያ ማን ገደለው?»

አጎቷ አውራ ጣታቸውን በሌሎቹ ጣቶች ውስጥ አጥፈው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ፊታቸው ድምፅዋ ወደሚመጣበት ዞሯል።

«ሱቁ ሳንቲሙን በመጣበት ደረጃ ይገዛዋል» አለች መዛኟ። «ከዛሬ ጀምሮ የአጎቴ ነው፤ በእጃቸው ይሁን። የሌሎቹ ሳንቲሞች መሳቢያ ቁልፍ ግን እኔ ጋ ይሆናል።»