የቀኙ የፊት ጎማ

ሀሲና የደወለችልኝ አንድ ማክሰኞ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው። ሀርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ካለችው ጎማ ቤቴ ደጃፍ ላይ፣ የአንድ ሚኒባስ ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሬ ቀዳዳውን እየፈለግሁ ነበር።

"አሚር ወንድሜ፣ ሙጂብ ሳይመጣ ድረስልኝ። የመኪናዋን ጎማ ፍታልኝ።"

"ሙጂብ ሳይመጣ ለምን?"

"ብቻ ድረስልኝ" ብላ ዘጋችው።

ሀሲና የሙጂብ ሚስት ናት። እኔና ሙጂብ የአንድ አገር ልጆች ነን፤ ከወሎ፣ ከከሚሴ ወዲያ ካለ ገጠር ነው የወጣነው። ሀርጌሳ ውስጥ ዘመድ አለኝ ብል እሱ ነው። በነጭ ፕሮቦክስ መኪናው ከሀርጌሳ በርበራ ሰውና ዕቃ ሲያመላልስ አምስት ዓመት ኖረ። ሀሲና ከመደወሏ በፊት በነበረው ዓመት፣ ረመዷን በወጣ በሁለተኛው ወር፣ በድንገት መንዳት አቆመ። መኪናዋ ታማለች ብሎ ግቢ አቆማትና አሕመድ ዳጋህ ሰፈር አንድ የጨርቅ መደብር ውስጥ ተሸካሚ ሆነ። ያችን መኪና ስጠግናት የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ምንም እንዳልነበራት አውቃለሁ። ስጠይቀው ግን ፊቱን ያዞርብኛል። ከስቶ ነበር። ሰው ሲያናግረው አንድ አፍታ ዘግይቶ ነው የሚሰማው፣ ከሩቅ እንደሚጠሩት ሰው።

ግቢው ስደርስ ሀሲና በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። የቤቱ ባለቤት ሳህራ፣ ዝናቡ ሳይመጣ የውሃ ጉድጓድ ላስቆፍር ነውና መኪናችሁን ከጥጉ አንሱልኝ ብላ ቀን ሰጥታቸዋለች። የቀኙ የፊት ጎማ ደግሞ ተንፍሶ፣ ላስቲኩም ተሰንጥቆ መሬት ላይ ተጣብቋል። ሳይፈታ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም።

"ሙጂብን አልነገርሽውም?"

"ነግሬዋለሁ። ጉድጓዱ ሌላ ቦታ ይቆፈር አለኝ። የሰው ግቢ እኮ ነው!" ወደ መኪናዋ አየችና ድምጿን ቀነሰች። "ደግሞ ይቺ መኪና ታንኳኳለች።"

"ምን?"

"ወደ መግሪብ ላይ፣ ነፋስ ሲነሳ። ጎማው ውስጥ አንድ ነገር ያንኳኳል። ተክ፣ ተክ፣ ተክ። እሱ ሲሰማው በስልኩ ቁርኣን ይከፍትና ድምፁን እስከ ጥግ ይለቀዋል። የዚያን ቀን እራት አይቀምስም።"

"የላላ ብረት ይሆናል፣ አብሽሪ" አልኳት። ጎንበስ ብዬ ጎማውን ሳየው ግን መፍቻዬን መልሼ አስቀመጥኩ።

ሌባ እንዳይፈታቸው ተብለው የሚሠሩ ባለቁልፍ የጎማ ዳዶዎች አሉ። አናታቸው ላይ የተለየ ቅርጽ አላቸው፣ ከዚያ ቅርጽ ጋር የሚገጥም አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የሚፈታቸው። አራት ሆነው ይሸጣሉ፣ ለየጎማው አንድ አንድ ነው የሚታሰረው። ሙጂብ አራቱንም የቀኙ የፊት ጎማ ላይ አስሯቸዋል። ሌሎቹ ሦስት ጎማዎች ላይ ማንም የሚፈታው ተራ ዳዶ ነው ያለው። የባሰው ነገር ደግሞ የአራቱም አናት በመዶሻ ተቀጥቅጦ ቅርጹ ጠፍቷል። ቁልፉ ቢገኝ እንኳ አይገጥምም።

"ቁልፉስ የታለ?"

"ከተማውን የሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ ውስጥ ሲወረውረው አይቼዋለሁ" አለች። "ምን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር።"

መተው ነበረብኝ ይሆናል። እጄ ግን ሥራ ለምዷል፣ የተጣበቀ ነገር ሲያይ አያስችለውም። ዝገቱ ላይ ዘይት አርከፈከፍኩና ጥቂት ጠበቅሁ። አናቱ ላይ የሚሰካ የመፍቻ ራስ፣ ከዳዶው በጥቂት የሚጠብ አሮጌ ቡሶላ መርጬ፣ ነክሶ እስኪይዝ ድረስ በመዶሻ አናቱ ላይ ቀጠቀጥኩት። መፍቻው ላይ ረጅም የውሃ ቧንቧ ሰካሁና በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩ። የመጀመሪያው እንደ ጥይት ጮኾ ዞረ። ሀሲና "ቢስሚላህ!" ብላ ወደኋላ ሸሸች። ሁለተኛው ቡሶላዬን ሰነጠቀው። በሌላ ቡሶላ ፈታሁት። ሦስተኛው ብዙም አላስቸገረም። አራተኛው አልነከስ አለ፤ ስካርፔሎ፣ የብረት መሮዬን፣ በጎኑ ደግኜ፣ ወደሚፈታበት አቅጣጫ በመዶሻ እየመታሁ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። በመካከሉ የዓስር አዛን ተሰማ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ነበር።

መኪናዋን በክሪክ አንስቼ ጎማውን ስስበው ከነቸርኬው ወጣ። ያን ጊዜ ነፋስ መጣ። ተክ አለ።

ከፍሬኑ በስተኋላ፣ ጎማውን በሚያዞረው ዘንግ ላይ ጨርቅ ተጠምጥሟል። በዘይትና በአቧራ ደርቆ እንደ ቆዳ ሆኗል። ከጫፉ አንድ ቋጠሮ ተንጠልጥሎ ብረቱን ይመታል። ጨርቁን በአውራ ጣቴ ስፈትገው ከጥቁሩ ሥር አረንጓዴና ነጭ መስመር ወጣ። ሽርጥ ነው። እኛ አገር ወንዱ ሁሉ የሚያሸርጠው ዓይነት።

"አትንካው!"

ሙጂብ በር ላይ ቆሟል። ከሥራ የመጣበት የጥጥ ብናኝ ፀጉሩ ላይ አለ። የሚቆጣ መስሎኝ መዶሻውን አስቀመጥኩ። እሱ ግን ባለበት አፈሩ ላይ ቁጭ አለ።

"የማነው?" አለችው ሀሲና።

"አላውቀውም" አለ። "ወላሂ አላውቀውም።"

ከዚያ ነገረን። ከበርበራ ሲመለስ ነው፣ ብቻውን፣ ጎሕ ሲቀድ። ዓይኑን አንድ ጊዜ ከደነ። ሀርጌሳ መኪናው መሪው በቀኝ ነው፣ የሚነዳውም በመንገዱ ቀኝ፤ ሾፌሩ ከመንገዱ ዳር ጋር ጎን ለጎን ነው የሚሆነው።

"በመንገዱ ዳር የሚሄደው ልጅ ከመስኮቴ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር" አለ። "ዞሮ አየኝ። ገና ጢም ያላበቀለ ነው። ከዚያ መኪናዋ ተነሳችና ወረደች።"

"ቆምክ?" አልኩት።

"ቆምኩ። ከመኪና ግን አልወረድኩም። በመስታወት አየሁት። እጁን ያነሳ መሰለኝ።" አፈሩን በጣቱ ጫረ። "ከዚያ ነዳሁ።"

እቤት ደርሶ ጎማውን ፈታ። ጨርቁን አየ። እጁን ሰዶ ሊያወጣው አልቻለም። መልሶ ዘጋው። በማግስቱ ባለቁልፍ ዳዶ ገዝቶ አራቱንም አሰረ። አንድ ቀን የራሱ እጅ እንዳይፈታው ፈራና አናታቸውን ቀጠቀጠ። መኪናዋን ለሌላ ሰው መሸጥም ይህን ነገር ማሸከም ሆነበት።

ሀሲና አላለቀሰችም። ከቤት መቀስ አመጣችና ከጎኔ ተንበርክካ፣ ጨርቁን ራሷ እየቆረጠች አወጣችው። ቋጠሮው ውስጥ በቆዳ የተሰፋ ክታብ ነበር። ነጭ ነጠላ ውስጥ ጠቀለለችው።

"ነገ እንሄዳለን" አለች። "ሦስታችንም።"

በማግስቱ ጠዋት በተከራየናት መኪና የበርበራን መንገድ ያዝን። የነዳሁት እኔ ነኝ። ሙጂብ ከኋላ ተቀምጦ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አንድ ብቻዋን የቆመች ግራር ጋ ስንደርስ "እዚህ ነው" አለ። ከመንገዱ ራቅ ብሎ ጥቂት ቤቶችና የፍየል በረት ይታያል። ልጆች አዩንና አንድ ሽማግሌ ጠሩልን። ኢጋል ይባላሉ፤ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ በትር የያዙ ሰው ናቸው። ሶማሊኛ ከሦስታችን የተሻለ የምችል እኔ ስለሆንኩ፣ እኔ ተናገርኩ። አምና እዚህ በመኪና የተገጨ የእናንተ ሰው አለ ወይ አልኳቸው።

"የእኛ ሰው አልተገጨም" አሉ። ሙጂብን አዩት፣ ሀሲናን አዩዋት፣ እጇ ላይ ያለውን ጥቅልል አዩት። "እንግዳ ግን ቀብረናል። ከአገራችሁ በእግር ከሚመጡት አንዱን።"

በረቱን አልፈን ወሰዱን። ድንጋይ የተከበበ ትንሽ መቃብር ነው። ሌላ ምልክት የለውም።

"ፍየል የሚያወጡ ሴቶች ናቸው ያገኙት" አሉ ኢጋል። "ገና ፀሐይዋ አልሞቀችም ነበር። ሽርጡ ግማሹ ተቀዷል። ሕያው ነበር። አንዲት ቃል ይደጋግም ነበር፤ ቆይ፣ ቆይ ይላል። በእኛ አፍ ከመርጠብ ጋር ነው የሚገናኘው፣ ውሃ የፈለገ መሰለን። ከንፈሩን አረጠብንለት፣ ፊቱን አራስነው። እሱ ግን ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ቆይ ይላል። እስኪያልፍ ድረስ ውሃ ስናፈስለት ነበር።" ወደ እኔ ዞሩ። "በእናንተ ቋንቋ ምን ማለት ነው?"

ወደ ሙጂብ አየሁ። መተርጎም አላስፈለገም። ሙጂብ ከእኔ ቀድሞ ሰምቶታል። በሁለት እጁ ጆሮውን ይዞ መቃብሩ አጠገብ ተደፋ።

ሽማግሌው ጠበቁት። ቀና ሲል "አንተ ነህ?" አሉት።

"እኔ ነኝ።"

አልሰደቡትም። ክታቡን ከሀሲና ተቀብለው ስፌቱን በቢላ ፈቱ። በእነሱም አገር እንዲህ ያለው ክታብ ይታወቃል፤ የሚይዘው ሰው ስም ከእናቱ ስም ጋር እንደሚጻፍበት ነገሩን። ወረቀቱ በዘይት ጠቁሮ እጥፋቱ ላይ ተበልቷል። ፀሐይ ላይ ዘርግተው ፊደል በፊደል ሄዱበት። የቁርኣኑ አንቀጽ ግማሹ አለ። የልጁ ስም የነበረበት ቦታ ቀዳዳ ነው። ከቀዳዳው ቀጥሎ ያለውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"የዘይነባ ልጅ" አሉ። "ሌላ የለም።"

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙጂብ ከሽማግሌው ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰጠ። መኪናዋን መጥተው ወሰዷት። አርባ ቀን ታሰረ። ሀሲና በየቀኑ ምግብ ታመላልስ ነበር፣ ሲመልሱላት ሳህኑ እምብዛም አይጎድልም። ከአርባ ቀን በኋላ ከሳሽ የለም፣ የሟች ስም የለም፣ ቤተሰብ የለም ተባለ። የሟች ዘመድ የሆነ ባለ ደም ከመጣ ሊቀርብ፣ ኢጋል ራሳቸው ዋስ ሆነው ተለቀቀ።

ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ጎማ ቤቴ መጣና ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

"አሚር፣ ይቅር የሚለኝ ሰው ማነው?" አለኝ። "ሟች ሞተ። ቤተሰቡን አላውቅም። ማንን ልለምን?"

የሰፈራችንን ሼክ ጠየቅንለት። በስህተት ነፍስ ያጠፋ ሰው ሁለት ወር ሳያቋርጥ ይጹም፣ ቤተሰቡንም ይፈልግ አሉት። ስልሳውን ቀን በዚያ ሙቀት ዕቃ እየተሸከመ ጾመው። አንድም ቀን አላፈረሰም። ፍለጋው ግን ከጾሙ ከበደ።

ከአገር ቤት በእግር የሚመጡት መጀመሪያ የሚያርፉት ሼክ ኑር የሚባለው ሰፈር ነው። እዚያ ፋይዛ የምትባል የወሎ ደጋን ሴት ሩዝ ትሸጣለች። ያልበላ መንገደኛ ስለማታሳልፍ፣ ሁሉም ያውቃታል። ሀሲና የታጠበውን የሽርጥ ቁራጭ ይዛ ዓርብ ዓርብ እሷ ዘንድ መሄድ ጀመረች። እኔና ሙጂብም ከጁምዓ በኋላ እንከተላለን። ለመጣው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው፦ እናቱ ዘይነባ የምትባል፣ አምና በዚህ መንገድ ወጥቶ ድምፁ የጠፋ ልጅ ታውቃላችሁ?

የመጀመሪያው ቀን አንድ ሽማግሌ ሳቁብን። "በእኛ አገር ዘይነባ ያልሆነች እናት ማን አለች?" አሉ። ወዲያው ግን ሳቃቸው ከፊታቸው ላይ ጠፋ። የእህታቸው ልጅ እንዲሁ ወጥቶ ድምፁ እንደጠፋ ነገሩን። በአምስት ወር ውስጥ አምስት ስም ሰበሰብን። ኑሩ፣ ሰዒድ፣ እንድሪስ፣ ከማል፣ ይመር። አምስቱም የዘይነባ ልጆች፣ አምስቱም በዚያው ሰሞን የወጡ። ሽርጡን ከሚያዩት መካከል ጨርቁን ፊታቸው ላይ አድርገው የሚቆዩ አሉ። ሁሉም በመጨረሻ "እንጃ" ብለው ይመልሱታል።

ባለፈው ወር ፋይዛ ደወለች። ከማል ተገኝቷል፣ ሳዑዲ፣ ጂዛን ውስጥ ግመል ይጠብቃል፣ ለእናቱ ድምፁን ልኳል። ሙጂብ ይህን ሲሰማ ሱጁድ ወረደ፤ አልሐምዱሊላህ እያለ ግንባሩን ከጎማ ቤቴ አቧራ ላይ አላነሳ አለ። ቀና ሲል ግን ደስታው ከፊቱ ላይ ሲሄድ አየሁት። እየቆጠረ ነበር።

"አራት ቀሩ" አለኝ።

አሁን ከዒሻ ሶላት በኋላ ሁሉም ሰው ሲወጣ እሱ ይቀራል። እጁን ዘርግቶ አራቱንም በየስማቸው ይጠራል፣ በሕይወት አሉ የሚል ወሬ እንዲያሰማው ይለምናል። አንዱ ያ መቃብር ውስጥ እንደሆነ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም አንዱንም አይተውም። እኔም ከጎኑ ተቀምጬ በየስሙ አሚን እላለሁ።