ስድስተኛው መቆሚያ

እኔ በሳምንት አራት ቀን እያዛለሁ። ከሐሙስ እስከ እሑድ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ እጄን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ እንበረከካለሁ፤ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳኛል። ከዚያ ጅብራን በቃ ለማለት «ኸላስ!» ብሎ ይጮኻል። እኔም ተነስቼ ጉልበቴን አራግፌ ለእንግዶቹ ውሃ አድላለሁ።

ጅብራን ሙዲሬ ነው፣ አለቃዬ። በደቡብ ሳዑዲ ከምትገኘው ከሀሩብ በላይ ተራራው ላይ ያለው አሮጌ ከተማ የአያቶቹ ነበር፤ ስልሳ የሚሆኑ የድንጋይ ቤቶች፣ ሦስት ጠባብ መንገዶችና አንድ ግንብ። ሰው ለቆት ከወጣ አርባ ዓመት አልፎታል። ከሁለት ዓመት በፊት ለረመዳን የሚታይ «የጭጋጉ መንገድ» የሚባል ተከታታይ ድራማ እዚህ ተቀረጸ፤ ከየመን በኩል ሰው ስለሚያሻግሩ ደላሎችና እነሱን ስለሚያሳድድ አንድ መልከ መልካም መኮንን ነው። ድራማው ካለቀ በኋላ ከጅዳም ከሪያድም ሰው ቦታውን ካላየሁ እያለ መጣ። ጅብራን ባርኔጣ ገዛና አስጎብኚ ሆነ።

የሚያናድደኝን ልናገር። ቤቶቹ ሦስት መቶ ዓመት ቆመዋል፤ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። የድራማው ሠራተኞች ከፎም ቆርጠው ግድግዳ ላይ የለጠፉት፣ ወደ የትም የማያስገባ የውሸት በር አለ፤ እሱ ፊት ግን ሰልፍ ነው። እኔ የወረባቦ ልጅ ነኝ፣ የሀሩብ ድንጋይ ዘመዴ አይደለም፤ ግን ያንን ሰልፍ ባየሁ ቁጥር ቆሽቴ ያርራል።

ጉብኝቱ ሰባት መቆሚያ አለው። የሼኩ ቤት፣ የድራማው ሙሽራ ቀለበቷን የጣለችበት ጉድጓድ፣ የውሸቱ በር፣ ገበያው፣ ግንቡ። ስድስተኛው የእኔና የባልደረባዬ የአብዱልቃድር ነው። ከፈረሰው ግድግዳ ጀርባ እንደበቃለን፤ ጅብራን ፊሽካውን ሲነፋ እንሮጣለን፤ እንግዶቹ እየቀረጹ ያባርሩናል፤ አደባባዩ ላይ እንያዛለን። ሰባተኛው ታች መኪና ማቆሚያው ጋ ሻይ መጠጣት ነው።

እንግዲህ ያለ ወረቀት የገባን ሰዎች፣ ያለ ወረቀት የገቡ ሰዎችን እንተውናለን። ጅብራን «ተዋናዮቼ ናቸው» ይላል፤ ተዋናይን ደግሞ ኢቃማህን፣ የመኖሪያ ፈቃድህን፣ አሳይ የሚል የለም። በዳማድ እርሻዎች ሁለት ዓመት እንደ አይጥ ስሽሎከሎክ የኖርኩ ሰውዬ፣ በጠራራ ፀሐይ ፊቴን ሳልሸፍን የሄድኩት እዚህ ነው። ከዚህ የተሻለ መደበቂያ የለም ብዬ አምን ነበር። ሞኝ ነበርኩ።

ያን ዓርብ ዘጠኝ እንግዶች መጡ። ገና ከመኪና ሲወርዱ አብዱልቃድር ክንዴን ጨመደደው።

«ያን ረጅሙን አየኸው? ልጆቹን የያዘውን?»

«ምን ሆነ?»

«አር-ሪስ ላይ የያዘኝ እሱ ነው። የዱሪያው ወታደሮች አለቃ። ወላሂ እሱ ነው።»

«ተሳስተህ እንዳይሆን አብዱ?»

«ጂዛን ተርሒል እስር ቤት ሁለት ወር ታጉሬ አገር ቤት የተመለስኩት በማን ሆነና! እኔ ዛሬ አልሮጥም። ሆዴን አመመኝ በልልኝ።»

አብዱልቃድር ተባርሮ እንደገና በባሕር የመጣ ሰው ነው፤ ሦስተኛ ጊዜ የመምጣት አቅም የለውም። ግንቡ ሥር ያለው መጋዘን፣ ማደሪያችን፣ ገብቶ ከውስጥ ቆለፈ። እኔ ለጅብራን ሹክ አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ ጅብራን። «ዛሬ ፈቃድ ላይ ነው። ከቤተሰቡ ጋር ሊዝናና ነው የመጣው። አንተ ተዋናይ ነህ፤ ተውን። ያላ!»

የውሃ ሳጥኑን ተሸክሜ ከኋላ ተከተልኩ። ሰውየው ነጭ ቶብ ለብሷል፤ ሚስቱና ሁለት ትናንሽ ሴት ልጆቹ አብረውት ናቸው። ታናሺቱ ሂባ ትባላለች፤ ሲጠራት ሰምቻለሁ። የውሸቱን በር አላየም፣ ጉድጓዱንም አላየም። የሚያየው ገደሉንና መንገዶቹን ነው። ግንቡ ጋ ስንደርስ ለሚስቱ እንዲህ አላት፦

«ድራማው ላይ እየሮጡ ወደ ኋላ ያያሉ አይደል? ውሸት ነው። ከየመን የመጣ ሰው ወደ ኋላ አያይም። እግሩን ነው የሚያየው።»

ልክ ነበር። እኔም የመጣሁ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ከእግሬ በስተቀር ያየሁት ነገር አልነበረም።

ውሃ ሳቀብለው «ስምህ ማነው?» አለኝ።

«ሙሉሰው።»

«ከየት ነህ ሙሉሰው?»

ጅብራን ጥልቅ አለ። «ከጅዳ ነው ያመጣሁት። ተዋናይ ነው።»

«ማ ሻእ አላህ» አለና ፈገግ አለልኝ። ፈገግታው የደግ ሰው ፈገግታ ነበር። ዓይኑን አጉረጥርጦ ቢያፈጥብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚስቱ «ዛሬ የሚሮጠው አንድ ብቻ ነው እንዴ?» ስትል እየሰማሁ ወደ ስድስተኛው መቆሚያ ቀድሜ ወረድኩ። ጭጋጉ ከሸለቆው ተነስቶ ወደ ላይ እየመጣ ነው። ከፈረሰው ግድግዳ ጀርባ ዞር ስል እግር አየሁ። በጨርቅ የተጠመጠመ፣ ደሙ ጨርቁን አልፎ የወጣ እግር።

አራት ናቸው። አንዲት ሴትና ሦስት ወንዶች፣ ግድግዳውን ተደግፈው። ሁለቱ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ መናገርም አልቻሉም።

«ወንድሜ፣ ሓበሻ ነህ?» አለች ልጅቱ።

ኪሴ ውስጥ የነበረችውን ግማሽ ጠርሙስ ሰጠኋቸው። ፍረወይኒ እባላለሁ አለችኝ፤ የውቅሮ ልጅ ናት። ደንደን ያለው ቦንሳ ይባላል፤ የድንበሩን ሽቦ ካለፉ ጀምሮ አዝሏት ነው የመጣው። ደላላው ሌሊት ጥሏቸው ሄዷል። የጅብራንን ድምፅ ከላይ እሰማለሁ። ፊሽካው ሊነፋ ቢበዛ አምስት ደቂቃ ቢቀረው ነው።

የመጡበት ገደል በዚያ እግር አይመለሱበትም። በቀኝ መኪና ማቆሚያው አለ፣ ከሱ በታች ኬላው። ባሉበት እንዳይቀመጡ፣ እንግዶቹ ሊያባርሩኝ እዚሁ ግድግዳ ድረስ ይመጣሉ። የቀረው አደባባዩን አልፎ ወደ መጋዘኑ መግባት ብቻ ነው፤ በዘጠኝ ሰው ዓይን ፊት።

«ስሙኝ» አልኩ። «ከላይ ያሉት ቱሪስቶች ናቸው። እኔ ድራማ እሠራላቸዋለሁ። ፊሽካ ሲነፋ ከኔ ጋር ትሮጣላችሁ። አደባባዩ ላይ እጃችሁን ጭንቅላታችሁ ላይ አድርጋችሁ ትንበረከካላችሁ። ፎቶ ያነሷችኋል፤ ፊታችሁን እንዳትሸፍኑ። አለቃዬ ኸላስ ሲል ተነስታችሁ አቧራችሁን እያራገፋችሁ ትስቃላችሁ። ከዚያ እደብቃችኋለሁ።»

ቦንሳ ድንጋይ አነሳ። «ሊያስይዘን ነው! ደላላ ነህ!»

«የማስይዛችሁ ብሆን እዚህ ቆሜ እለምናችኋለሁ? አንድ ጩኸት አይበቃኝም?»

«ማልልን» አለ።

«እናቴ ትሙት!» አልኩ። እናቴ ሙሉሸዋ ወረባቦ ላይ በሕይወት አለች፤ በስዋ በውሸት ምዬ አላውቅም። ቦንሳ ዓይኔን ትክ ብሎ አየና ድንጋዩን ጣለው።

«ሦስት ቀን እህል አልቀመስንም» አለች ፍረወይኒ። «በምን አቅማችን እንስቃለን?»

«በጥርስ» አልኳት። «ተዋናይ ሥራው ሲያልቅ ይስቃል። ካልሳቃችሁ ይነቁብናል።»

ፊሽካው ተነፋ።

ሮጥን። ሩጫ ከተባለ ነው። ፍረወይኒ በቦንሳ ትከሻ ላይ ተንጠልጥላ፣ አራቱም እግራቸውን እያዩ፣ አንዳቸውም ወደ ኋላ ሳያዩ። እንግዶቹ ከጭጋጉ ውስጥ አምስት ሰው ሲወጣባቸው እልል አሉ። ስልኮች ወጡ። አደባባዩ ላይ ተንበረከክን። ጅብራን እየሮጠ መጣ፤ በዓይኑ ሲቆጥረን ፊቱ አመድ መሰለ።

«ኸላስ!» አለ በቀጭን ድምፅ።

አራቱም ተነሱ። አቧራቸውን አራገፉ። እንዳልኳቸውም ሳቁ። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

ሂባ ሮጣ መጥታ የፍረወይኒን እግር በጣቷ ነካችው። «ባባ፣ ና እይ! ደሙ የእውነት ይመስላል!»

«ሜካፕ ነው» አለ ጅብራን ፈጥኖ። «ከጂዛን ባለሙያ አለችኝ።»

ሰውየው መጥቶ ቁጢጥ አለ። እግሩን አየ፤ ጨርቁን አየ፤ የፍረወይኒን ፊት አየ። ፍረወይኒ ላቧ በግንባሯ እየወረደ ትስቃለች። ከዚያ ተነሳና «ጎበዞች ናቸው» አለ። «ከድራማው ይበልጣሉ።» ሚስቱን «አንዴ ልደውል» ብሏት ወደ ፈረሰው ግድግዳ ሄደ። የማየው ጀርባውን ብቻ ነው። ሲመለስ ያ ፈገግታው እንዳለ ነበር።

«ደክመዋል፤ አብረውን ሻይ ይጠጡ እንጂ» አለ።

ጅብራን ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አደረገው።

ወደ መኪና ማቆሚያው ወረድን። ሰውየው ሂባን እጇን ይዞ ከፊት፣ አራቱ መሐል፣ እኔ ከኋላ። ፍረወይኒ ስታነክስ አንዲት እንግዳ «እዩዋት፣ አሁንም እየተወነች ነው» ብላ ታደንቃታለች። በግራ በኩል ገደሉ አለ። ቦንሳ ብቻውን ቢሆን ያመልጥ ነበር። «ሩጡ» የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ምላሴ ላይ መጣ። ብናገረው ሰውየው ዞሮ እኔን ያያል ብዬ ዋጥኩት። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ሻዩን የቀዳላቸው ራሱ ነው። ስኳር አብዝቶ ጨመረ፤ ተምር በእጃቸው ሰጣቸው። ሁለቱ ዝምተኞች ፍሬውን ሳይተፉ ዋጡት። ፍረወይኒ ሦስት ስኒ ጠጣችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ደግ ሰው ነው» አለችኝ።

መኪናው ያን ጊዜ መጣ። መብራቱን አብርቶ ከጭጋጉ ውስጥ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ከኋላው ክፍት የሆነ ፒክአፕ ነው። ሁለት ወታደሮች ወረዱ። እንግዶቹ ፈነጠዙ። «ጅብራን፣ መኪናም አዘጋጅተሃል!» አለ አንዱ፤ ሌላዋ ሰው ሁሉ እንዲሰበሰብ ተጣራች። ጅብራን ቶሎ ብሎ እጅጌዬን ያዘና ወደ ራሱ ጎተተኝ። ሰውየውን በዓይኑ ለመነው። ሰውየው ጅብራንን አየ፣ እኔን አየ፣ ስልኩን አውጥቶ ዘረጋልኝ።

«ሙሉሰው፣ አንተ ተዋናይ ነህ አይደል? እንግዲያው ቅረጽልን። ልጆቼም እንዲታዩ አድርገህ።»

ለምን እንደተወኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለጅብራን ብሎ ይሆናል። አራት በቂ መስሎት ይሆናል።

ስልኩን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ። ይሄ ነው የሚያሳፍረኝ። ሂባና እህቷ ከፊት ቆመው ሁለት ጣታቸውን አነሱ። ከኋላቸው አራቱ ማንም ሳያዛቸው እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አደረጉ፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው። እየሳቁ ወደ መኪናው ሄዱ። ቦንሳ የወታደሮቹን ጫማ አየ። ሳቁን አቆመ። ዞሮ አየኝ፤ ከዚያ መኪናው ላይ ወጣና ተቀመጠ።

ፍረወይኒ የመጨረሻዋ ናት። ደህናውን እግሯን መኪናው ላይ አድርጋ፣ በአንድ እጇ ብረቱን ይዛ፣ ወደ እኔ ዞረች።

«ወንድሜ፣ ይብቃን ወይስ እንሳቅ?» አለችኝ።

በአማርኛ ነው ያለችው፤ ከእኔ ሌላ የሚገባው አልነበረም። እውነቱን ልነግራት እችል ነበር። ይቅር በይኝ ልላት እችል ነበር። ሰውየው ግን ከጎኔ ቆሞ ስልኩ ውስጥ ልጆቹን እያየ ነው፤ ጅብራንም እጅጌዬን አልለቀቀም። እሷ ብታለቅስ ነገሩ ይገለጣል፤ ከተገለጠ ደግሞ አምስተኛው እኔ ነኝ።

«ሳቁ» አልኳት።

ሳቀች።