ጋፈርሳ ላይ የተሳፈሩት አዴ ባየሽ

ደቻሳ አምቦ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። እህቱን ጊፍቲን እምቢ ማለት አይሆንለትም። እሷ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ የትምህርት ቤቱን የድራማ ክበብም ትመራለች። ባለፈው ዓመት ከራሷ አፍልቃ ስለ አንድ ጦረኛ ሕዝብ ድራማ ጻፈች። ጦረኞቹ የሚዘምቱት በጎሽ መልክ በተሠራ የብረት መኪና ላይ ተቀምጠው ነው፤ ስሙንም በኦሮምኛ ጎሽ ማለት ነውና «ጋፈርሳ» አለችው።

«ጎሹ አንተ ነህ» አለችው ወንድሟን።

«እኔ?»

«ባጃጅህ።»

ባጃጁ ከላይ እስከ ታች ቆርቆሮ ለበሰ። ከውሃ ቱቦ ሁለት ቀንድ ተበየደለት። ለደቻሳ ማያ የምትሆን፣ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ከፊት ቀረችለት። ተዋጊዎቹ ዘለው እንዲወርዱ የኋላው አንዱ ጎን ክፍት ተተወ።

የድራማው ዕለት ከብየዳ ቤቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄድ፣ ከብት መንገድ ዘጋበትና ቆመ። አዴ ባየሽ የሚባሉ አሮጊት ጃንጥላቸውንና አውራ ዶሯቸውን ይዘው ባጃጅ ይጠብቁ ነበር። በክረምት ባጃጅ በላስቲክ ሲሸፈን ያውቃሉ። የዚህኛው ባለቤት ጠንቃቃ ቢሆን ነው ብለው ገቡና ተቀመጡ።

«ገበያ ነኝ ልጄ!»

ቆርቆሮው ይንቋቋል፤ ደቻሳ ምንም አልሰማም።

ተዋጊ የሚሆኑት ተማሪዎች ሊሳፈሩ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር። ደቻሳ ግን ዘግይቷል። ከበሮው ሲመታ ሲሰማ ጊዜ፣ ሳይቆምላቸው ሜዳው መሃል ገባ።

ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ። የጠላት ጦር አዝማች ሆኖ የሚተውነው የስፖርት መምህሩ ኦሊቃ፣ ፊቱን ኖራ ተቀብቶ፣ ጦሩን እየሰበቀ ከወታደሮቹ ጋር ሆኖ ጋፈርሳውን ከበበ። በድራማው መሠረት ጦረኞቹ እዚህ ላይ እጅ ይሰጣሉ።

«ውረዱ! ያላችሁን ሁሉ አስረክቡ!» ብሎ አንባረቀ።

አዴ ባየሽ ወረዱ።

«ምን አልክ?»

ኦሊቃ ደነገጠ። ግን ሕዝብ እያየው ነው። «ያላችሁን... አስረክቡ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ዶሮዬን? በጠራራ ፀሐይ? የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«አዴ፣ ድራማ ነው እኮ...»

«ኖራ ስለተቀባህ ሌባ መሆንህን የማልለይ መሰለህ?»

ጃንጥላው ትከሻው ላይ አረፈ። ሁለተኛውን አልጠበቀም፤ ጦሩን ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ። አዝማቻቸው ሲሸሽ ያዩት ወታደሮችም ጋሻቸውን እየወረወሩ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ፈረጠጡ። ዶሮው አምልጦ የጋፈርሳው ቀንድ ላይ ወጣና ጮኸ። ሜዳው በሳቅና በእልልታ ተናጋ።

«ጦረኞቹ መሸነፍ ነበረባቸው!» አለች ጊፍቲ ከመጋረጃው ኋላ። «ጦርነት ከንቱ ነው የሚለው መልእክቴስ?»

ደቻሳ በቀዳዳው ያየው የሚሮጥ እግር ብቻ ነው። «አሸነፍን እንዴ?» ብሎ ከውስጥ ጮኸ።

ኋላ ኦሊቃ ፊቱን ታጥቦ መጥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። «መምህር ነህ አሉኝ» አሉት አዴ ባየሽ፣ እያዘኑለት። «ታዲያ ምን አጥተህ ነው?»

ጊፍቲ ደግሞ ቀረብ ብላ «ቅዳሜም ይምጡልን፤ መጨረሻውን እንደ ዛሬው አደርገዋለሁ» ስትል ለመነቻቸው።

«ሥራ ፈት መሰልኩሽ?» አሏት።

ቅዳሜ በእሳቸው ቦታ አቢጊያ የምትባል ተማሪ ተተካች። ጃንጥላውን አሳምራ ያዘች፤ ንግግሩንም አንድ ቃል አላጎደለችም። ኦሊቃ ግን እንደዚያን ቀን አድርጎ መሸሽ አቃተው።