ባዶው ብልቃጥ

ዶክተር ትርሐስ ተማሪ ማድነቅ የሚተናነቃት ሰው ናት። ከአክሱም አርባ ምንጭ መጥታ ማስተማር ከጀመረች ወዲህ ከአፏ የወጣው ትልቁ ሙገሳ «መጥፎ አይደለም» ነው። ያን ቀን ግን ወደ አባያ ሐይቅ የሚያሳየውን የላቦራቶሪ መስኮት በመጋረጃ ጋርዳ የአልትራቫዮሌቱን መብራት ስታበራ፣ የተማሪዋ የኑሃሚን ብልቃጥ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ አለ። የትርሐስ ልብ ጮቤ ረገጠ። የገረሴዋ ልጅ ኑሃሚን ለሁለተኛ ዲግሪዋ ከዚንክ ጨው በዓይን የማይታዩ የሴሚኮንዳክተር ናኖ ክሪስታሎች ስትሠራ ከርማለች። ክሪስታሎቹ ባነሱ ቁጥር ብርሃናቸው ወደ ሰማያዊ ይጠጋል፤ ይህን ያህል ያንሳሉ ብሎ ግን ማንም አልጠበቀም። ትርሐስ ወሬው አላስቀምጥ አላትና ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ለገነነ ነገረችው፤ እሱም አዲስ አበባ ለሚካሄደው የሳይንስ ጉባኤ የልጅቷን ስም አስመዘገበ።

ኑሃሚን ግን ደስ ያላት አትመስልም። መብራቱ ስር የጋዋኗን እጅጌ አተኩራ ታያለች።

«ዶክተር፣ እጅጌዬም እንደ ብልቃጡ ያበራል» አለች።

የላቦራቶሪው ሳሙና ካለቀ ወዲህ ብልቃጦቹም የሚታጠቡት ጋዋን በሚታጠብበት በዱቄት ሳሙና ነው። ልብስ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ሳሙናው ውስጥ የሚጨመረው ነገር ደግሞ እንዲህ ባለ መብራት ሰማያዊ ያበራል። ኑሃሚን ታጥቦ ከተደረደረው አንዱን ብልቃጥ አንስታ አልኮል ብቻ ጨመረችበትና መብራቱ ስር ያዘችው። ምንም ክሪስታል የሌለበት ብልቃጥ ቦግ ብሎ በራ።

ትርሐስ ክው አለች። እንዲያው ዝም ቢባል ማን ያውቃል? ብላም አሰበች። ልጅቷ ግን ወዲያው ገነነ ቢሮ ሄዳ ስሜ ይሰረዝልኝ አለች። የቀረው የዚንክ ጨው የሚበቃው ለአንድ ሙከራ ነው፤ ያ ከከሸፈ ምረቃዋ ለከርሞ ይተላለፋል።

ብልቃጦቹን በአልኮል ደጋግማ አለቀለቀች፤ ባዶአቸውን መብራቱ ስር እያየች የሚያበራውን መልሳ አጠበች። ከዚያ ጨውን አልኮል ውስጥ አሟሙታ ክሪስታሎቹ እንዲፈጠሩ የሚያደርገውን አልካሊ ጠብ ጠብ ታደርግበት ጀመር። ትርሐስ አጠገቧ ቆማ ምን ዓይነት ልጅ ናት እያለች በሆዷ ትገረማለች።

መጋረጃው ተዘጋ። ኑሃሚን ሁለት ብልቃጦች ጎን ለጎን አቆመች፤ አንዱ አልኮል ብቻ፣ ሌላው ክሪስታሎቹ ያሉበት። የአልኮሉ ጨለማ ሆኖ ቀረ። ሌላው ደከም ያለ ቢጫ ብርሃን ሰጠ።

«እንደ ሰማያዊው አያምርም» አለች፣ ይቅርታ የምትጠይቅ ይመስል።

ትርሐስ ስልኳን አውጥታ ገነነ ጋ ደወለች። እሱም መጀመሪያ የጠየቃት ቀለሙን ነው።

«ቢጫ ነው፤ የራሱ ብርሃን ነው» አለችው። «ስሟን መልስልኝ። ጉባኤው ላይ ባዶውንም ብልቃጥ ይዛ ትቀርባለች።»