ዕጣ የሰጠን ወገን

ውድድሩን ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። ይሄን መጀመሪያ የምናገረው ልኮራበት አይደለም። ያኔ በሁለት ነጥብ ብሸነፍ ኖሮ የሙአዚኑ ቤት ዛሬም ጣሪያው ደህና ይሆን ነበር እያልኩ ራሴን ስለማደርቅ ነው። ምናልባት ተሸንፌም ያው ይሆን ነበር። አላውቅም።

ስሜ ሻፊን ነው። ማህፉዛ በመስጊዳችን የሶላት ጥሪውን፣ አዛኑን፣ የሚያሰሙት የሙአዚን ኢድሪስ ልጅ ናት፤ ከዳካ ራቅ ባለችው ከተማችን ከእኔ ጋር አንድ ኮሌጅ፣ አንድ ክፍል። ሁለት ዓመት ሙሉ ወንዙ ዳር ያለችው ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ እሷ ከሴቶቹ ጠረጴዛ እኔ ከወንዶቹ፣ በሰናፍጭ ዘይት የታሸ የሩዝ ፈንዲሻ እየቆረጠምን ስንጨቃጨቅ ነው የከረምነው። ጭቅጭቃችን አንድ ነው። እሷ አገሪቱ በሸሪዓ ካልተዳደረች ሌባው አያባራም ትላለች። እኔ ደግሞ መንግሥት ሃይማኖት የለውም፣ ሃይማኖት ያለው ሰው ነው እላለሁ።

«አንተ እኮ ገሃነም ገብተህም ሕገ መንግሥት እናርቅቅ ማለትህ አይቀርም» ትለኛለች።

«አንቺ ደግሞ ጀነት በር ላይ ቆመሽ መታወቂያ ልትጠይቂ ነው።»

ጓደኞቿ ዓይን ብቻ በሚያሳየው ኒቃባቸው ውስጥ ይስቃሉ። እሷም ትስቃለች፣ ዓይኗ ያስታውቃል። ስንለያይ ግን ነገሩን እቤት ድረስ ይዤው እሄዳለሁ፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ አንድ ያልመለስኩላት ጥያቄ ይቀራል። ደህና ተከራካሪ ነበረች፣ ከእኔ ትበልጣለች። አንድ ቀን በንዴት አንድ ነገር አመለጠኝ። ኢንተርኔት ላይ «ቀዛፊው» በሚል ስም መንግሥትና መስጊድ ይለያዩ እያለ የሚጽፍ ሰው ነበር፤ ጽሑፉን በሰው ስልክ አንብባ ስታብጠለጥለው «እሱን የጻፍኩት እኮ በእንቅልፍ ልቤ ነው!» አልኳት። ቀዛፊው እኔ መሆኔን ያኔ አወቀች። ፊቷ ባይታይም ደሟ ሲሸሽ የታየኝ መሰለኝ።

«ለማንም አልናገርም» አለችኝ ቀስ ብላ። «በአላህ ይዤሃለሁ ግን ተወው። ይገድሉሃል።»

አልተውኩም። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ሞት የሌላ ሰው ነገር ይመስለኝ ነበር።

የኮሌጁ የክርክር ውድድር የመጨረሻ ዙር ላይ የደረስነው እኔና እሷ ነን። ርዕሱ «አገራችን በእስልምና ሕግ ትተዳደር» የሚል ነው። ማን ደጋፊ ማን ተቃዋሚ እንደሚሆን የሚወሰነው ከመድረክ ከመውጣታችን ሩብ ሰዓት በፊት በሚጣል ሳንቲም ነው፣ ደንቡ እንደዚያ ነው። መምህርት ራሺዳ የአምስት ታካ ሳንቲም ወደ ላይ ወረወሩ። ለእኔ መደገፍ ደረሰኝ፣ ለማህፉዛ መቃወም።

«መምህርት፣ እባክዎ እንቀያየር» አለች።

«ያመንሽበትን መናገርማ ማን ያቅተዋል? ክርክር የሚባለው ይሄ ነው» አሏት።

እኔ ሳቄን አልቻልኩም። «በሕይወትሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ልትሆኚ ነው» አልኳት። «አንተም» አለችኝ።

መድረክ ላይ ወጥቼ ያደረግኩት ነገር ቢኖር የእሷን ሁለት ዓመት መስረቅ ነው። ገዢ ከተራ ሰው ጋር እኩል ዳኛ ፊት የሚቆምበት ሕግ፣ ሀብታሙ ለድሃ የሚገባውን ዘካ ሳይከፍል የማያድርበት ሕግ እያልኩ አስጨበጨብኩ። ከኋላ ያሉት ሽማግሌዎች ዓይናቸውን ጠረጉ። እሷ ደግሞ የእኔን ወሰደች፣ ወስዳም አሻሻለችው፦ «ሸሪዓን የምወደው ከሆነ ለማን ነው የማስረክበው? የአባቴን ብስክሌት ለመልቀቅ ጉቦ ለጠየቀው ፖሊስ? ዛሬ በሕግ ስም ይጠይቀኛል፤ ነገ በአላህ ስም ሊጠይቀኝ ነው። እምነቴን እንዳያቆሽሹብኝ ሸሪዓን ከመንግሥት እጅ አርቁልኝ!» እኔ ደነገጥኩ፣ ይሄን የመሰለ ነገር በሕይወቴ ጽፌ አላውቅም። ዳኞቹ ግን ዋንጫውን ለእኔ ሰጡ።

በሦስተኛው ቀን ቪዲዮው ወጣ። የወጣው ሙሉው አይደለም፣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት። የለጠፈው የስልክ ካርድ የሚሸጠው ዙልፊካር ነው፤ የመድረሳ ትምህርት ጀምሮ የተወ፣ ሰፈሩን ግን እንደ ጨረሰ ሰው የሚያስተምር ጎረምሳ። «የሙአዚን ልጅ ሸሪዓን አዋረደች» ብሎ ጽፎበታል። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሰልፍ ወጣ። የሙአዚኑ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ጡብ ዘነበ። ቅዳሜ ንጋት የኢድሪስ ድምፅ ከመስጊዱ አልተሰማም፣ ሌላ ሰው ነበር አዛን ያለው።

እኔስ? እኔማ ጀግና ሆንኩ። ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን በጨርቅ ጠርጎ አስቀመጠኝ። የማላውቃቸው ሰዎች መንገድ ላይ አቅፈው ሳሙኝ። እናቴ አለቀሰች፦ «አላህ ልቦናህን መለሰልኝ!»

ቅዳሜ ረፋድ ሙአዚኑ እቤታችን መጡ። በጓሮ በር ነው የመጡት፤ ግንባራቸው ላይ ጥጥ ተለጥፎበታል።

«ልጄ ሻፊን፣ ነገ ከቀትር በኋላ፣ የዐስር ሶላት እንዳበቃ፣ የሰፈሩ ሸንጎ ትምህርት ቤቱ ግቢ ይቀመጣል» አሉኝ። «ጥፋቷን ተናዝዛ ተውበት ታድርግ ይላሉ። እሷ ደግሞ ‹ያልካድኩትን ተውበት ካደረግኩ ክጃለሁ ማለቴ ነው፣ አላህ ፊት አልዋሽም› ብላ ድርቅ አለች። ክዳለች ብለው ከፈረዱባት ዙልፊካር ሕዝቡን አይዝልኝም። ዱላ አይደለም የያዙት፣ የሩዝ ማጨጃ ነው። አይቻለሁ።»

«ቻቻ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አልኩ። ቻቻ ስንል አጎት ማለታችን ነው፤ ልጅ ሆኜ ቁርኣን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

«አንተን ያምኑሃል። በሁሉም ፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ ነው። የእሷ ዕጣ ለአንተ ደርሶህ ቢሆን እሷ ያለችውን አንተም ትል ነበር ወይ እልሃለሁ። አዎ በል። አንተም ትል ከነበረ ነገሩ የተማሪ ጨዋታ ነው፣ ያልፋል። ከዚህ ሌላ ምንም አልፈልግብህም።»

«እላለሁ ቻቻ።»

«ትምልልኛለህ?»

«ወላሂ እላለሁ።»

እጄን ያዙት። ከልቤ ነበር የማልኩት፣ ይሄን እመኑኝ።

እሁድ ግቢው ሞልቷል። አጥሩ ላይ ሳይቀር ሰው ተሰቅሏል። የሸንጎው ሰብሳቢ የሩዝ ወፍጮ ባለቤቱ ቶፋዘል ሙንሺ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ሕዝቡን ግን እሳቸውም ይፈሩታል፣ ውኃ ሲጠጡ ብርጭቆው ጥርሳቸውን ሲመታው አየሁ። ዙልፊካር አጠገቡ አስቀመጠኝና ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጣለ። ሽቶው ራስ ያዞራል።

«ከዚህ በኋላ ሌላ ሥራ አለን» አለኝ ጆሮዬ ላይ። «ቀዛፊው የሚባለውን ውሻ ታውቀዋለህ?»

«ስሙን ሰምቻለሁ።»

«ከናንተው ኮሌጅ ነው። ነገ የተማሪውን ሁሉ ስልክ ሰብስበን እናያለን። ይቺን ልጅ የሚደግፍ ካለ ከእሱ ስልክ እንጀምራለን፣ ያው ቀዛፊው የሐሳብ ወንድሟ ነው አይደል?» ሳቀ። «አንተ ምን አስደነገጠህ? ካንተ አንጀምርም፣ አቦ!»

ስልኬ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ነው። ጽሑፎቹ በሙሉ እሱ ውስጥ ናቸው። ዙልፊካር እንዳይነካው ኪሴን በእጄ ሸፈንኩት።

ማህፉዛ ከአባቷ ጎን ቆማለች፣ ከዓይኗ በቀር የሚታይ ነገር የለም።

«ልጄ፣ ሸሪዓ ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?» አሏት ሙንሺ።

«ከልጅነቴ ጀምሮ እፈልጋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ከመንግሥት ይራቅ አልሽ?»

«ዕጣ ደርሶኝ ነው ቻቻ።»

«በሃይማኖት ዕጣ አለ?» ብሎ ጮኸ ዙልፊካር። ሕዝቡ አብሮት ጮኸ።

እሷ ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቀች። «ዙልፊካር ወንድሜ፣ አንተ የምትፈልገው ሸሪዓ ምን ዓይነት ነው?» አለችው። «እኔ የማውቀው ላይ ምስክር አለ፣ ተከሳሽ ሳይሰማ አይፈረድም። እኛ ግን ጣሪያችን ከፈረሰ በኋላ ነው የተጠየቅነው። ዛሬ ሕጉን ለመንደሩ ብንሰጠው የሚፈርደው ማን ነው? ቶፋዘል ቻቻ ናቸው ወይስ አጥር ላይ የተሰቀለው?»

ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሙንሺ ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። ወይ ይቺ ልጅ! ለአፍታ ያህል የምትድን መሰለኝ። ዕጣ የሰጣትን ወገንና የራሷን አንድ ላይ አስራ ቆማ ነበር።

ያኔ ሙአዚኑ ተነሡ። «ሽማግሌዎች፣ ሌላ ምስክር አልጠራም። ያሸነፋትን ጥሩልኝ። በሃይማኖቱ የምታምኑት እሱን ነው፣ እኔም አምነዋለሁ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ሻፊን ልጄ፣ የእሷ ዕጣ ለአንተ ደርሶህ ቢሆን እሷ ያለችውን ትል ነበር?»

ዙልፊካር ክንዱን ከትከሻዬ አላነሳም። የጣቶቹ ጫፍ ደረቴ ላይ ይሰማኛል። ልቤ ሲደልቅ ይሰማው እንደሆን እሱን ነበር የማስበው። መሐላዬ ትዝ አለኝ፣ አልረሳሁትም፤ ረስቼው ነበር ብል እንዴት ጥሩ ነበር። «አዎ» ለማለት አፌን ከፈትኩ።

«አልልም ነበር» አልኩ።

ሙአዚኑ ያልሰሙ መሰሉ። «ምን አልከኝ?»

«አልልም ነበር ቻቻ። ዕጣውን እመልሰው ነበር።»

ይሄን ሁለተኛውን ማንም አልጠየቀኝም። ልመልስ ብላ የለመነችው እሷ ናት፣ እኔ ስቄባታለሁ። ሙአዚኑ ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ፣ የሚቀመጡበት ወንበር አልነበረም። ከአጥሩ በኩል ጩኸቱ ተነሣ፣ የብረት ድምፅም ሰማሁ። ሙንሺ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙና «ማህፉዛ፣ ልጁ ይሄን ብሏል» አሉ። «የምትመልሺው ነገር አለሽ?»

ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች። አንድ ቃል ናት፤ «ቀዛፊው እሱ ነው» ብትል እሷን ትተው ወደ እኔ ነው የሚዞሩት። እኔ እንደማውቀው እሷም ታውቀዋለች። በልቤ እለምናት ነበር። አባቷን አላየሁም፣ ማጨጃውን አላየሁም፣ እሷን ብቻ።

«እውነቱን ነው» አለች። «ሻፊን ሃይማኖቱን አጥባቂ ነው፣ እሱ አይልም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ተውበት አደርጋለሁ።»

ዋሽታ የማታውቅ ልጅ ናት።

ሙንሺ የተውበቱን ቃል አስቀድመው ሲሉ እሷ ተከተለች፤ ያላደረገችውን ክህደት በራሷ አፍ ተናዘዘች። ኮሌጁን እንድትተው፣ ቤተሰቡም በሦስት ቀን ውስጥ ሰፈሩን እንዲለቅ ተፈረደ። ሰው በቅሬታ እያጉረመረመ ተበተነ፣ ማጨጃዎቹም ወደየቤታቸው ሄዱ። ረቡዕ ጠዋት በመርከብ ወደ ዳካ ሄዱ፣ ወንዙ ዳር ድረስ ልሸኛቸው አልወጣሁም። ስልኬን ወንዝ ውስጥ ጥዬዋለሁ። ቀዛፊውን እስከ ዛሬ አላገኙትም።

ሰዎች ጸጸት ይሉታል። ይጸጽተኛል፣ አዎ፣ በየቀኑ። ግን ልነግራችሁ የፈለግኩት እሱን አይደለም። «እውነቱን ነው» ስትል፣ አባቷ እግሯ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠው እያለ፣ እሷ ሁሉን ነገር ባጣችባት በዚያች ቅጽበት፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። እንባ እስኪመጣብኝ ድረስ ደስ አለኝ። «አልሐምዱሊላህ» አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ። ዙልፊካር ትከሻዬን ጨመቅ አድርጎ «አሚን» አለ።