የእሁዱ ደም

ኅዳር ፫ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም. የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነበርሁ፤ ፊደል ከቆጠርሁ ገና አምስት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ በአንድ የምርምር ተቋም ጦጣዎችን መመገብ፣ የብረት ቤታቸውን ማጠብና የወር አበባቸውን ቀን በደብተር ማስፈር ነበር።

በዚያ ዕለት ዋናው ተመራማሪ፣ ብዙ ዲግሪ ይዘው አንድም ጦጣ በእጃቸው ነክተው የማያውቁት ዶክተር፣ «እትዬ» የምንላትን ኩሩ ጦጣ መካን ናት ብለው ፈረዱባት። በተቋሙ ደንብ መካን ጦጣ በመርፌ ትገደላለች፤ ቀጠሮዋም ለማክሰኞ ሆነ። ማስረጃቸው፣ እንቁላል ሊለቀቅ ሲል ለአንድ ቀን ያህል በደም ውስጥ ሽቅብ የሚወጣው ሆርሞን በሦስት ወር ውስጥ አንዴም አለመታየቱ ነው።

ደብተሬን ገለጥሁ። እትዬ በየሃያ ስምንት ቀኑ፣ ማለትም ልክ በአራት ሳምንት፣ ሁልጊዜ ማክሰኞ የወር አበባ ታያለች። ማክሰኞን አንድ ብለን ስንቆጥር፣ ሆርሞኑ የሚወጣበት አሥራ ሦስተኛው ቀን እንግዲህ ምንጊዜም እሁድ ነው። እሁድ ደግሞ ደም አይቀዳም፤ ዶክተሩ ያርፋሉ።

«ዶክተር፣ የፊታችን እሁድ ቢቀዳላትስ?» አልኋቸው።

«አንተ ሰውዬ! የሙዝ ልጣጭ እየጠረግህ እኔን ልታስተምር?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! ቀን ብቻ ነው የቆጠርሁት።»

«እንግዲያው ቆጥረህ ስትጨርስ ወለሉን እጠብ።»

እሁድ የላብራቶሪ ባለሙያዋን ለምኜ አመጣኋት። «ጋሼ፣ ካባረሩኝ እርስዎ ነዎት የሚቀልቡኝ!» እያለች ደሙን ቀዳች። ሰኞ ውጤቱ ወጣ፤ ከሌላው ቀን አሥር እጥፍ!

ዶክተሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ያፍራሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ሞኝነቴ!

«ደረስሁበት!» አሉ። «ይህች ጦጣ እንቁላል የምትለቀው ግቢው ጸጥ ሲል፣ እሁድ ብቻ ነው። ታላቅ ግኝት!»

ባለሙያዋ ሳቋን ለመዋጥ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ላስረዳቸው አፌን ከፈትሁና መርፌው ትዝ አለኝ። ያፈረ አለቃ ንዴቱን በጦጣዋ ላይ ይወጣል፤ ግኝት ያገኘ ግን ማስረጃውን ይቀልባል።

«እርስዎ የማይደርሱበት ምን አለ፣ ዶክተር!» አልሁ።

ማክሰኞ እትዬ በመርፌው ፈንታ ሰፊ ክፍል ተሰጣት። በሩ ላይም «እሁድ ማስነጠስ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ በማኅተም ተለጠፈ፤ ዶክተሩም ግኝታቸውን በሦስት ጉባኤ ላይ አስጨበጨቡበት።

ዘመኑ ርቋልና ቀኑን ወይም ቁጥሩን አሳስቼ እንደሆነ የሚያውቅ አንባቢ ያርመኝ። ዶክተሩን በተመለከተ ግን የጨመርሁት የለም፤ መጨመርም አላስፈለገኝም።