የእማ ሀጂራ የወፍ መድኃኒት

ኢሊያስ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ዕለት በግቢያቸው ሐኪም ያልሆነ ሰው አልነበረም። አንዷ የፓፓያ ቅጠል ቀቅላችሁ አጠጡት አለች፤ ሌላዋ ጥቁር አዝሙድ በማር ይሻለዋል አለች። ጎረቤታቸው ዘርፉ ደግሞ አቦምሳ ያለ አጎቷ ከዚሁ በሽታ እንዴት እንደዳነ ከሀ እስከ ፐ አወራች። በአንድ ነገር ግን ሁሉም ተስማሙ፤ ይህ የወፍ በሽታ ነው፣ የወፍ በሽታ የያዘው ሰው መርፌ ከተወጋ ደግሞ አለቀለት። ምክር ገንዘብ አያስወጣምና ማንም አልሰሰተም።

ምክሩ ለወግ ነበር እንጂ መድኃኒቱማ እዚያው ቤት ነበር። የኢሊያስ እናት እማ ሀጂራ የወፍ መድኃኒት አዋቂ ናቸው፤ አዳማ ብቻ ሳይሆን ከቢሾፍቱም ከአቦምሳም ሰው ይመጣባቸዋል። ወሎ ሳሉ ከአባታቸው የወረሱት ነው። በራቸውን ዘግተው ይወቅጡታል፣ በማር ይለውሱታል፣ በማንኪያ ለታማሚው ይሰጡታል፤ ዋጋም አይጠይቁም። ስሙን ግን አይናገሩም። ከሥጋቸው ከተወለደ ልጅ በቀር በሌላ ሰው ጆሮ ከገባ መድኃኒቱ ይረክሳል፣ የዋጠውንም ሰው ይዞት ይሄዳል ይላሉ።

ምራታቸው ፎዚያ ከሥጋቸው አልተወለደችም፤ ይህንንም አንድ ቀን እንኳ እንድትረሳው አልፈቀዱላትም። ለልጃቸው ሌላ ሴት መርጠው ሳለ እሱ የአርሲዋን ልጅ ይዞባቸው ከመጣ ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች ዓይንና ናጫ ናቸው። ፎዚያም ብትሆን መልአክ አልነበረችም። የሙቀጫው ድምፅ በተሰማ ቁጥር ቴሌቪዥኑን ከፍ ታደርጋለች፤ ለሱቋ ደንበኞችም አማቴ ዛሬም አስማቷን እየወቀጠች ነው ትላለች። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያኖራቸው ሁለቱም አንድ ሰው መውደዳቸው ብቻ ነበር።

ያ ሰው ደግሞ ጠብ የሚባል ነገር አይወድም። ጠዋትና ማታ እናቱ ያቀረቡለትን ሳያጉረመርም ይውጣል። ራሱን ሲፈልጠውና ትኩሳቱ ሲበረታበት ፎዚያ አማቷ ዘወር እስኪሉ ጠብቃ ከቦርሳዋ የራስ ምታት ክኒን እያወጣች ትሰጠዋለች፤ የነጭ መድኃኒት እዚያ ቤት እንዲገባ እማ ሀጂራ አይፈቅዱምና ለእናቱ እንዳይነግር አስጠንቅቃዋለች። እሱም አይናገርም። እንዲህ እንዲህ እያለ ከሁለቱም እጅ ይቀበላል።

ግን ባሰበት። ያስታውከው ጀመር፣ ቀጥሎ መቃዠት አመጣ። ፎዚያ ባጃጅ ጠርታ ደግፋ ልታወጣው ስትል እማ ሀጂራ በሩ ላይ ቆሙ፤ በመርፌ ልትገድዪው ነው ብለው ክንዳቸውን ዘረጉ። ምራት አማቷን እንደማትነካ ታውቃለች። ክንዳቸውን ገፍትራ ወጣች።

ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ዶክተር ወጣት ሴት ናት። የደም ምርመራውን አይታ ጉበቱ በሽታው ከሚያደርሰው በላይ ተጎድቷል አለች። የዋጠው ነገር ካልታወቀ በጭፍን ማከም እንደሚሆን፣ ማርከሻ ያለው ነገር ከሆነ ደግሞ በጊዜ መሰጠት እንዳለበት አስረዳቻት። ምን ሰጣችሁት ስትላት ፎዚያ እናቱ የሚወቅጡትን መድኃኒት አለች፤ ክኒኑን አላነሳችም። የራስ ምታት ክኒን መድኃኒት ነው ብሎ ማን ይቆጥረዋል? ደግሞም በዚያ ሰዓት ጣቷ የሚቀሰረው ወደ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ተመልሳ ቤት ስትደርስ ጠያቂው ግቢውን ሞልቶታል፤ እማ ሀጂራም መሃል ተቀምጠዋል። ሰላምታ ሳትሰጥ ዶክተሯ ያለችውን ነገረቻቸው።

«ሲጀመር ማን ውሰጂው አለሽ?» አሏት።

ፎዚያ ስሙን ይተዉት፣ ቅጠሉን ብቻ ያሳዩኝ ብላ ለመነቻቸው። ልመናው ለራሷም እሬት ሆኖባት ነበር። ማየትም መስማትም አንድ ነው አሉ። ዘርፉ ጣልቃ ገብታ ከረከሰማ ጭራሽ ይብስበታል ስትል፣ ፎዚያ ምክርሽን ይዘሽ ቤትሽ ግቢ ብላ አፏን አስያዘቻት። ከዚያ አማቷ ፊት በርከክ አለች፤ ለክብር ግን አልነበረም፣ ዓይናቸውን ለማየት ነበር።

«ለሥጋዎ አይደል የሚነገረው? እንግዲያው ይምጡና ለራሱ ይንገሩት። በጆሮው። እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ።»

ጠያቂው ሁሉ ወደ እማ ሀጂራ ዞረ። ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ ልጁም ልጃቸው ነው። ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሱ።

በባጃጁ ውስጥ ፎዚያ አማቷ የሻሻቸውን ጫፍ በጭንቀት ሲፈትሉ አየችና ደስ አላት፤ ደስ እንዳላትም አልካደችም። ከታማሚዎቹ ክፍል ሲደርሱ እንደ ቃሏ በሩ ላይ ቆመች። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት እንደሚባለው፣ እማ ሀጂራ አልጋው አጠገብ እየተጠጉ ወደ ኋላ እያሉ ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ጎንበስ ብለው ከንፈራቸውን ከልጃቸው ጆሮ አስጠጉ።

ኢሊያስ ዓይኑን ገለጠ። እናቱን አያቸው። ዕድሜውን ሙሉ ከጠብ ሲሸሽ የኖረ ሰው፣ በዚያ ድካሙ በሩ ድረስ የሚሰማ ድምፅ አወጣ።

«ክኒን ነው» አለ። «ፎዚ፣ እማ የምትወቅጠው የራስ ምታት ክኒን ነው።»

ዶክተሯ ተጠርታ ስትመጣ እማ ሀጂራ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሁሉን ተናገሩ። ቅጠሉ የወሎ ደጋ ቅጠል ነው፤ እዚህ ሙቀት ውስጥ ቢተክሉት አልጸድቅ አላቸው። ከአገር የሚላክላቸውም አለቀ። ሰው ግን መምጣቱን አልተወም፤ ታማሚ ተሸክሞ በር ላይ የቆመን ሰው የለኝም ብሎ መመለስ አሳፈራቸው። አንድ ቀን ትኩሳት የሚያቃጥለው ሰው ሲመጣ ያንን ክኒን ወቅጠው በማር ሰጡት፤ ሰውየው ትኩሳቱ በረደለትና መርቋቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከሰፈር ርቀው ከፋርማሲ እየገዙ ኖሩ። «ለሰው ጥቂት ነው የምሰጠው» አሉ። «ለሱ ግን ልጄ ነውና አበዛሁለት።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ መድኃኒቱን ስለደበቀ የተናገረ የለም። ፎዚያ በስንት ዓመት ያጠራቀመችው ስድብ ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። አስማተኛ፣ ውሸታም፣ ልጅ በላ። የቱን እንደምታስቀድም ስታማርጥ ነበር ዶክተሯ ዞር ብላ፣ ሲበዛ ጉበት የሚጎዳ ነውና ሌላ ሰው ይህንኑ ክኒን ሰጥቶት እንደሆነ የጠየቀችው።

ኢሊያስ ወደ ፎዚያ ተመለከተ፤ አልተናገረም፣ እንዳይናገር ነግራዋለችና። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ዝም ብትል ግን ዶክተሯ የምታውቀው የነገሩን ግማሽ ይሆናል፣ እሱም በዚያው ሊቀር ይችላል።

«እኔም ሰጥቼዋለሁ» አለች። «ያንኑ። ከእሳቸው ተደብቄ፣ በየቀኑ።»

ዶክተሯ ማንንም አልተቆጣችም። በጊዜ ደርሳችኋል ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም፣ አሁን ግን የምሠራውን አውቄያለሁ ብላ ሮጠች። ማርከሻው ተገኝቶ ሲመጣ እማ ሀጂራ መርፌው የልጃቸው ክንድ ውስጥ ሲገባ ፊታቸውን ሳያዞሩ አዩ። ከዚያ ሁለቱም እንዲወጡ ተነገራቸው።

ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ አንድ ነው። ፎዚያ በአንዱ ጫፍ፣ አማቷ በሌላው ጫፍ ተቀመጡ። አሮጊቷ መሬት መሬት እያዩ ይህ ነገር ከዚህ በር ከወጣ እስከ መቃብሬ አልለቅሽም አሉ። ፎዚያም እኔ እርስዎን ይቅር የምል መስሎዎት እንዳይሸወዱ አለቻቸው። ዕርቅ ያሰበ አልነበረም።

ስልኳ ጠራ። ዘርፉ ናት፤ ከኋላዋ የጠያቂው ጫጫታ ይሰማል። መርፌ ወጉት ወይ ብላ ጠየቀች። ፎዚያ አዎ አለች፤ የባሰበት የዋጠው መድኃኒት በዝቶበት ነው አለች። በወዲያ በኩል ጫጫታው ጸጥ አለ።

«የማን መድኃኒት?» አለች ዘርፉ።

እማ ሀጂራ ቀና ብለው የምራታቸውን አፍ ይጠብቃሉ። ፎዚያ «የእሳቸው» ብትል የአሮጊቷ ስም በአዳማ ያበቃለታል፤ ይህንን ቀን ስትመኝ ኖራለች።

«የሁለታችንም» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

እማ ሀጂራ ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ከአግዳሚው ግን አልተነሱም።